ግራዝማች ካሜራ እና የገፈርሳ ዝይዎች

በየቤተሰቡ ምግብ የሚያቀዘቅዝ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ በምርቃት ያቀዘቅዛል፤ አንዱ በወግ፤ አንዱ ደግሞ "እጄን ታጥቤ ልምጣ" ብሎ ይወጣና ከጎረቤት ጋር አጥር ተደግፎ ይቀራል። ከሁሉም የከፋው ግን ካሜራ የያዘው ነው። መራቂው ቆይቶም ቢሆን "አሚን" ያሰኛል። ወገኛውም ጉሮሮው ሲደርቅ ውሃ ይጠይቃል። ካሜራ የያዘ ሰው የሚጠብቀው ፀሐይን ነው፤ ፀሐይ ደግሞ የማንም ምሳ አሳስቧት አያውቅም።

የኮልፌዋ ዙሀራ እንዲህ ያለውን ሰው ያገባችው ሳታውቅ ነው። ሊያጯት የመጡት ሽማግሌዎች "አጠና ነጋዴ ነው፤ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ሰው አይሳደብም" አሉ። አልዋሹም። ካሜራውን የገዛው ከኒካው በኋላ ነው፤ ጓዙን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን መካኒክ። ከዚያ ወዲህ ዙሀራ ጣሊያን ላይ ሁለት ቂም አላት፤ አንዱ የአገር ነው፣ ሁለተኛው የግሏ።

ዘመኑ ጃንሆይ በዙፋናቸው ያሉበት፣ ከአስኮ ወዲያ ከተማ የሚባል ነገር የማይታይበት ነው። ባሏ ሀያቱ ሳምንቱን ሙሉ አጠና ተራ ቆሞ የተቆረጠ ዛፍ ይሸጣል፤ እሑድ እሑድ ያልተቆረጠውን ያነሳል። ቋሚውን ከማገር በዓይኑ ለይቶ የሚደረድር፣ ለደንበኛ ጠማማ ቀላቅሎ የማይሰጥ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። ካሜራውን አንገቱ ላይ ያጠለቀ ዕለት ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ካሜራው ሳጥን የመሰለ፣ ከላይ አቀርቅረው የሚያዩበት ዓይነት ስለሆነ፣ ሀያቱ ሲያነሳ ለሩቅ ተመልካች ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ቁልፍ የሚፈልግ ይመስላል።

የአጠና ተራ ነጋዴዎች ይህን አይተው፣ ቤተ መንግሥት ሳያስፈቅዱ፣ የግራዝማችነት ማዕረግ ሰጡት። ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት "ግራዝማች ካሜራ፣ ትላንት ማን ተማረከ?" ይሉታል።

"ሽመላ" ይላል፣ ሳያፍር። በዚያ ቤት ሥራ ተከፋፍሏል፤ እሱ ያነሳል፣ ዙሀራ ታፍራለች።

ግራዝማች ሰው አያነሳም። ሕጉ ነው። አንድ ዘመድ "እስቲ እኔን አንዴ" ካለው ካሜራውን በእጁ ጋረድ ያደርግና "ሰውማ ፎቶ ቤት አለው፤ ዝይ ማን አላት?" ይላል። ሁለት ሌሎች አባባሎችም አሉት። አንደኛው "ቆይ፣ ብርሃኑ ይምጣ" ነው፤ ይህን ያለ ጊዜ ዙሀራ የምሳውን ዕቃ መልሳ ትከድናለች። ሁለተኛው "አትተንፍሱ" ነው። ይህኛው ለቤተሰቡ በሙሉ የሚተላለፍ ትእዛዝ ነው። ልጃቸው አልፊያ ትምህርት ቤት በገባች ሰሞን አስተማሪዋ "አባትሽ ምን ይሠራል?" ብሎ ሲጠይቃት "እንዳንተነፍስ ያደርጋል" አለች። አስተማሪው ለማጣራት ወላጅ አስጠርቷል። የሄደችው ዙሀራ ናት።

በአረፋ እንግዳ ሲመጣ አልበሙ ይቀርባል። ግራዝማች ራሱ እየገለጠ ያስረዳል።

"ይሄ የጥድ ግንድ ነው። ይሄም ያው ጥድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ።"

"ማሻአላህ" ይላል እንግዳው፤ ምን ይበል?

አንዷ ጎረቤት ደፍራ "ዙሀራስ የታለች?" ብላ ጠየቀች። ሀያቱ ጥቂት ገጾች ወደ ኋላ ገልጦ በጣቱ አመለከተ። ቄጠማ መሀል የቆመች ሽመላ ናት፤ ከፎቶው ጥግ ሹል ነገር ብቅ ብሏል። "ክርኗ ይሄ ነው" አለ። ጎረቤቲቱ ዙሀራን አየቻት፤ ዙሀራ የሻይ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች። ስንት ክረምትና በጋ አብራው ጫካና ውሃ ዳር ዞራ፣ በአልበሙ ያለችው በክርኗ ነው።

የመናገሻው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ግራዝማች በሆዱ ተኝቶ፣ አገጩን መሬት አስነክቶ ነበር። ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ቆሙና "ምነው ልጄ፣ አሟቸው ነው?" አሏት ዙሀራን። ወፍ እያየ ነው ከማለት፣ አዎ ማለት ቀለላት። እናትየው ከመቀነታቸው ቋጠሮ ፌጦ ፈተው፣ ጎንበስ ብለው አፉ ውስጥ ጨመሩለት። ሀያቱ፣ ወፏ እንዳትበር ብሎ፣ ሳይንቀሳቀስ ዋጠው።

"ተመስገን፣ ዋጠ" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ዙሀራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

እንግዲህ ይህንን ሰው ነው ዙሀራ ለሕይወቷ ትልቅ ጉዳይ ያመነችው።

ጉዳዩ የእናቷ ነው። እናቷ እማማ ሃጂራ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ታላቅ ወንድማቸው ሼህ ከሊፋ ደግሞ ከቡታጅራ ወዲያ፣ ገጠር፣ እንሰታቸውን ይዘው ይኖራሉ። ወንድምና እህት ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል። የእማማ ሃጂራ ባል የሞቱ ጊዜ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ኮልፌ መጥቶ ድንኳን ሲቀመጥ፣ ሼህ ከሊፋ አልመጡም። "ለቅሶዬን ያልደረሰ ሞቴንም አይድረስ" አሉ እማማ ሃጂራ፣ ነገሩንም በዚሁ ቆለፉት። ሽማግሌ እንዳይላክባቸው ሁለቱም ከሚላከው ሽማግሌ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ።

በዚያ ዓመት ሼህ ከሊፋ ዓይናቸውን ሊታከሙ አዲስ አበባ መጡ። ያረፉት መርካቶ፣ ልጃቸው ቤት ነው። አንዱ ዓይናቸው ተሠርቶ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ፋሻው ሊፈታ፣ እሳቸውም ወደ አገራቸው ሊመለሱ የቀራቸው ጥቂት ቀን ነበር። ዙሀራ አሰላችው። አሁን ካልታረቁ ቀጥሎ የሚገናኙት ወይ በአንዳቸው ቀብር ላይ ነው፣ ወይ ጨርሶ አይገናኙም። መክራ የማትመልሳቸውን ሰዎች በምን ታጠጋጋቸው? ሰው ፎቶ ሲነሳ ይጠጋጋል። ተራርቆ የሚነሳ የለም።

"አንዲት ፎቶ ተውልኝ" አለችው ሀያቱን። "አንድ ጥቅል ፊልም አሥራ ሁለት ጊዜ ያነሳል። አሥራ አንዱ ለዝይህ ይሁን።"

"ሰውማ ፎቶ ቤት…"

"ሀያቱ።"

"እሺ፣ እሺ። የመጨረሻዋ ያንቺ ናት። ወላሂ።"

እሑድ ጠዋት ቱሉ የሚባለው ሹፌር፣ አጠና ሊጭን ወደ ሆለታ ባዶውን የሚሄደውን የጭነት መኪና በራቸው ላይ አቆመ። ገፈርሳ ውሃው ዳር አውርዷቸው ሲመለስ ሊወስዳቸው ነው። ዙሀራ ለእናቷ ሳትነግር አጎቷን ከመርካቶ አስመጥታቸዋለች። እማማ ሃጂራ ጋቢና ገብተው ወንድማቸውን በመስተዋት ሲያዩ አንገታቸውን ወደ ዳገቱ አዞሩ። ሼህ ከሊፋም ጋቢና ቦታ ሳለ "ለዓይኔ ነፋስ ጥሩ ነው ብለውኛል" ብለው ከኋላ፣ ጭነት የሚጫንበት ካሶኒው ላይ ወጡ። ሐኪሙ ያላቸው ግን ከነፋስ ተጠንቀቁ ነበር።

ገፈርሳ ሲደርሱ ጥላ ያለው ዛፍ አንድ ብቻ ሆነ። ሁለቱ ሽማግሎች ከዚያው ሥር፣ ግንዱን መሀል አድርገው፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ንግግራቸው ሁሉ በአልፊያ በኩል አለፈ።

"አልፊያ፣ ለእንግዳው ሻይ ስጪ።"

"አልፊያ፣ ስኳሩ በዝቷል በያት።"

"አልፊያ፣ ሲወለድም ጣፋጭ አይወድም ነበር በይው።"

"አልፊያ፣ ስወለድ አልነበረችም በያት። ታላቋ ነኝ።"

አልፊያ ሻዩን ራሷ ጠጣችው።

ቆጮው ተቆረሰ፣ ክትፎው ወጣ። ግራዝማች የለም። ውሃው ዳር አቀርቅሯል። ክትፎው ላይ ቅቤው ረጋ። ዙሀራ ሄዳ በኮቱ ጫፍ ጎትታ አመጣችው፤ ቆሞ ጎረሰ። ከምሳ በኋላ ሁለቱን ሽማግሎች ማቀራረብ ጀመረች። "ፎቶ እንነሳ፤ ለልጆቹ ማስታወሻ" አለች። እማማ ሃጂራ "እኔ ብቻዬን ከሆነ" አሉ። ሼህ ከሊፋ "እኔ ዓይኔ ታስሮ ምን ፎቶ" አሉ። ዙሀራ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አልፊያን አስለመነች። በስተመጨረሻ ሁለቱም ተነስተው ልብሳቸውን ማስተካከል ሲጀምሩ ዘወር አለች፤ ባሏ የለም።

ከቄጠማው ውስጥ ዝይ ወጥታ ነበር፤ ጫጩቶቿን አስከትላ።

ሲመለስ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነው፤ ፊቱ ግን እንደ አዲስ ሙሽራ ያበራል። "ጫጩቶቹ… አይ፣ ምን ልበልሽ፣ ተሰልፈው" አለ።

"የእኔ አለች?"

"አለች እንጂ።"

ሽማግሎቹን ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸው። በመሀላቸው አንድ በሬ ያልፋል። ሀያቱ ካሜራውን አዙሮ ከጀርባው ያለችውን ቀይ መስኮት አየ፤ ፊልሙ ስንተኛው ላይ እንደደረሰ ቁጥር የምታሳይ ትንሽ መስኮት ናት። አንዴ አየ። ጠረግ አድርጎ እንደገና አየ። ዙሀራ ከጎን ሆና ፊቱን አልተመለከተችም፤ ጆሮውን ነው ያየችው። ሀያቱ ሲያፍር ፊቱ አይናገርም፣ ጆሮው ግን ይቀላል። ያኔ የቀላውን ያህል ቀልቶ አያውቅም።

ቁጥር የለም። አሥራ ሁለተኛዋ ከጫጩቶቹ ጋር ሄዳለች።

ሰው እንዲህ ሲሆን ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ መናገር፣ ወይ ማንሻውን ቀጭ አድርጎ መገላገል። ሀያቱ ሁለቱም አቃተው። ያቃተውን ሰው ጊዜ ማራዘም ይቀናዋል፤ አቀረቀረና ማስተካከል ጀመረ።

"ሼህ፣ ትንሽ ወደ እማማ ጠጋ ይበሉ።"

"ጠግቻለሁ።"

"ትንሽ። ትንሽ። እማማ፣ እርስዎም። ቆይ፣ ብርሃኑ ይምጣ።"

ደመና አልነበረም። ሽማግሎቹ ግን ብርሃኑን ጠበቁ። "ሼህ፣ እጅዎን ትከሻቸው ላይ ያድርጉ" አለ። ሼህ ከሊፋ የሰው እጅ ያነሱ ይመስል የራሳቸውን እጅ በጥንቃቄ አንስተው እህታቸው ትከሻ ላይ አኖሩት። "እንደዚያው ቆዩልኝ" አለ ሀያቱ። ካሜራውን ጠረገ። ወደ ኋላ ሄደ። ወደ ፊት መጣ። ተንበረከከ። ተነሳ። ዙሀራ ከሩቅ ሆና የአጎቷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች፤ የሚሉት አይሰማም። እናቷ ፊታቸውን ወደ ካሜራው እንዳዞሩ ያዳምጣሉ። ቆይተው የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ያኔ ካሜራው ቀጭ አለ።

ዙሀራ ተጠጋችው። "ምን ሆንክ?"

"አልቋል" አለ በሹክሹክታ። "ልነግራቸው ነው። አሁኑኑ ልነግራቸው…"

ዙሀራ ዞር ብላ አየች። እናቷ ከወንድማቸው ጋቢ ላይ አቧራ እያራገፉ ነው፤ በአልፊያ በኩል ሳይሆን በቀጥታ "አቧራ ለብሰህ ነው እንዴ የተነሳኸው?" ይላሉ።

"ዝም በል" አለችው ባሏን። ይህች ቃል የእሷ ናት፤ በኋላ በማንም ላይ ልታላክካት አልቻለችም።

ሲመለሱ ሁለቱም ሽማግሎች ጋቢና ገቡ፣ ቱሉ በር ላይ ተለጥፎ ነዳ። ካሶኒው ላይ ሀያቱ፣ ዙሀራና አልፊያ ከአጠናው ጭነት ጋር ተቀመጡ።

ሼህ ከሊፋ ወደ አገራቸው ሲሄዱ አደራ ያሉት አንድ ነገር ነው። "ፎቶዋን ላኩልኝ። ዓይኔ ተፈቶ በደንብ ማየት ስጀምር እህቴ ሩቅ ናት፤ በወረቀት ልያት።"

ከዚያ ውሸት ተጀመረ። እማማ ሃጂራ ጠዋት ከሰላምታ ቀጥሎ "ፎቶዋ ደረሰች?" ይላሉ። ሀያቱ መጀመሪያ "ፎቶ ቤቱ ውሃ ጠፍቶበታል" አለ። ቀጥሎ "መድኃኒቱ ከውጭ አልገባም" አለ። ዙሀራም ሰማይ ደመና በለበሰ ቀን "ፎቶ ፀሐይ ካልመታው አይደርቅም" ብላ አገዘችው። ሰበቡ ሁሉ ሲያልቅበት ግን ሀያቱ ኮልፌ ላይ ፈጽሞ መባል የሌለበትን ተናገረ።

"ፎቶ አንሺው ዱባለ ታሟል" አለ።

ኮልፌ ላይ ታሟል ከተባለ መጠየቅ አለበት። እማማ ሃጂራ ማግስቱን ጠዋት ሾርባ ሠሩ፣ በፔርሙዝ ሞሉ፣ ነጠላቸውን ለበሱ። "የእኔን ፎቶ ሲያጥብ የታመመ ሰው ነው" አሉ። ዙሀራ እግራቸው ሥር ሥር እየሄደች "ተላላፊ ቢሆንስ፣ እማ" አለች። "እኔ ከዚህ በኋላ ምን ይተላለፍብኛል?" ብለው ፌርማታውን ተሻገሩ።

ዱባለ ፎቶ ቤቱ በር ላይ፣ የበሩን ስፋት የሚያህል ሰውነቱን ዘርግቶ፣ ሸንኮራ አገዳ ይገምጣል።

"እንኳን ተሻለህ ልጄ" አሉ እማማ ሃጂራ።

ዱባለ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። "እኔን ነው እማማ?"

"ታመሃል ብለውኝ ነው። የገፈርሳው ፎቶም የዘገየው ለዚያ ነው አሉኝ።"

"የግራዝማችን?" አለ ዱባለ፣ ሸንኮራውን አስቀምጦ። "እሱንማ በዚያው ሳምንት አጥቤ ሰጥቼዋለሁ። ወስዶታል።"

"እኔና ወንድሜ ያለንበትን?"

ዱባለ አሰበ። ነገሩ አልገባውም፤ ሥራው ግን ይገባዋል። "እማማ፣ እሱ ጥቅል ላይ ሰው የለም። ዝይ ነው። ዝይ፣ ዝይ፣ ዝይ ከነልጆቿ። እኔ ተሳስቼ ይሆን ብዬ እንዳልጠራጠር አንድ በአንድ በእጄ ነው የወጡት። ያጠፋሁብዎት ነገር ካለ…"

ያ ግዙፍ ሰው አሮጊቷ ፊት እጁን አጣምሮ ይምላል፤ ፌርማታው ላይ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። ዙሀራ ከእናቷ ጀርባ ቆማለች። አፏን ብትከፍት ባሏን ታዋርዳለች፤ ብትዘጋ ይህ ሰው ባልሠራው ይዋረዳል። መሬቱን አየች። መሬቱ አልተከፈተም።

"እማ" አለች። "ፊልም አልነበረበትም። አልቆ ነበር።"

እማማ ሃጂራ ቀስ ብለው ገቡና ደንበኛ ለፎቶ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የተሣለ ፏፏቴ አለ። ዱባለ ፊልም ወደሚያጥብበት ጨለማ ክፍል ገብቶ መጋረጃውን ዘጋ።

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ከመቼ?"

"ከዚያው ከድንጋዩ ላይ ሳትነሱ።"

"ትላንት ስጠይቅሽም?"

"አዎ እማ።"

"ዛሬ ሾርባውን ስሠራም ታውቂ ነበር።" እማማ ሃጂራ ፔርሙዙን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። "ዝንጅብሉን የወቀጥሽልኝ እኮ አንቺ ነሽ።"

ዙሀራ በመናገሻው ፌጦ አፍራለች፣ በአልበሙ ክርን አፍራለች፣ ወላጅ ተብላ ስትጠራ አፍራለች። ያ ሁሉ ለካ የባሏ እፍረት ነው፤ በውሰት ስትለብሰው ኖራለች። የራሷ ምን እንደሚመስል ያወቀችው ያን ጠዋት በዝንጅብሉ ነው።

እማማ ሃጂራ ተነሱ። መጋረጃውን ከፍተው ፔርሙዙን ለዱባለ ዘረጉለት። "ጠጣው ልጄ። ለበሽተኛ ነበር የተሠራው፤ በሽተኞቹ እኛ ነን። ስምህን ያነሳሁትን ይቅር በለኝ።" ከዚያ ወደ አጠና ተራ አቀኑ።

ሀያቱ ማገር እየቆጠረ ነበር። ከእማማ ሃጂራ ጀርባ የዙሀራን ፊት ሲያይ መቁጠሩን ተወው። ከነጋዴዎቹም ያን ዕለት ማንም ግራዝማች አላለውም።

"ያን ሁሉ ያስቀመጥከን ባዶውን ነው?" አሉት እማማ ሃጂራ።

"አዎ እማማ።"

"'ብርሃኑ ይምጣ' ያልከን?"

"ባዶውን ነው።"

"'እጅዎን ትከሻቸው ላይ ያድርጉ' ያልከውስ?"

ሀያቱ አንገቱን ደፋ። ጆሮው እንደ በርበሬ ነው። "እሱም። መናገር አፈርኩ እማማ። ማንሳቱም አልሆነልኝ። ባዶ ካሜራ ቀጭ ላድርግባቸው እንዴ እያልኩ፣ እስከ መጨረሻው እጄ እምቢ እያለኝ ቆየ።"

እማማ ሃጂራ ከአጠናው ክምር ላይ ተቀመጡ። አንድ ደንበኛ መጥቶ፣ ሁኔታውን አይቶ፣ ተመለሰ።

"ከሊፋ ለቅሶዬን መጥቶ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "አላወቅሁም። ወንዙ ሞልቶ መንገድ ላይ ቆይቶ፣ ኮልፌ ሲደርስ ድንኳኑ ተነስቶ አገኘው። ደጄ ድረስ መጥቶ፣ አፍሮ፣ ሳያንኳኳ ተመለሰ። ይሄን ሁሉ ዓመት። ድንጋዩ ላይ ነው የነገረኝ፤ እጁ ትከሻዬ ላይ ሆኖ። መጀመሪያ ስለ ከብቱ አወራ። ከዚያ ስለ ዓይኑ። አንተ ወዲያው አንስተኸን ቢሆን ኖሮ ከብቱ ላይ ሳለን እንነሳ ነበር።"

ሀያቱ ቀና አላለም።

"ደስ እንዳይልህ" አሉት። "ዋሽተኸኛል። ያንን ምስኪን በቁሙ አሳመምከው። አንቺም ወቅጠሻል። እሱ አፍሮ ዝም አለ፣ ዓመታት በላን። እናንተ አፍራችሁ ዝም አላችሁ፣ እኔን ሾርባ አሸክማችሁ አዞራችሁኝ። ለከሊፋ ባዶ ነበር እንዳትሉት፤ ይቅርታውም ባዶ ነበር ሊል ይችላል። ፎቶዋ ተበላሸች በሉት። ማን አበላሻት ካለ፣ እህትህ ዓይኗን ጨፍና በሉት።"

"እማማ፣ በእርስዎ ላይ…"

"በእኔ። ከዚያ ትወስደኛለህ። አገሩ ድረስ። እሱ ፊት ታነሳኛለህ።"

ሀያቱ በዚያው ቀን ዱባለ ጋ ሄደ። ምን እንደተባባሉ ለዙሀራ አልነገራትም። ዱባለ ግን የጉዞውን ፊልም ሲያቀብለው "ግራዝማች፣ ሁለተኛ የምታመምበትን ቀን አስቀድመህ ንገረኝ፤ ሱቅ እዘጋለሁ" እንዳለው አጠና ተራ በሙሉ ሰምቷል።

የጉዞው ዕለት ጠዋት አውቶቡስ ተራ ፀሐይዋ ፏ ብላ ወጥታለች። ዙሀራ ልትሸኛቸው አብራ መጥታለች። ሀያቱ አንዱን ጥቅል ፊልም ካሜራው ውስጥ አስገብቷል፤ ሁለት ተጨማሪ ኮቱ ኪስ ውስጥ አለ። ረዳቱ "ቡታጅራ፣ ቡታጅራ" እያለ ሰው ይጭናል። እማማ ሃጂራ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ እንዳደረጉ ቆሙ።

"ፊልም አለው?"

"አለው እማማ።"

"አሳየኝ።"

ሀያቱ ካሜራውን አዙሮ ቀይዋን መስኮት አሳያቸው። "ይኸው፣ አንድ ይላል።"

"ቁጥር መቼ ጠየቅሁህ? ፊልሙን አሳየኝ።"

ፊልም ብርሃን ካየ አለቀለት። ይህን ዙሀራም አልፊያም ያውቃሉ፤ አንድ ጊዜ አልፊያ መክፈቻውን በስህተት ነክታ፣ ሀያቱ ሰው የሞተበት ይመስል ራሱን ይዞ የዋለበት ቤት ነው። እሱም ይህን ሊላቸው አፉን ከፈተ። የአማቱን ፊት አየ። ፊልም አለ ብሎ በምን አፉ ያሳምናቸው? ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል፤ ረዳቱ "እናት፣ ግቡ እንጂ" ይላል።

ሀያቱ ዞር ብሎ ዙሀራን አየ። አውራ ጣቱን መክፈቻው ላይ አድርጎ፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ መሀል፣ ካሜራውን ወለል አድርጎ ከፈተው።

እማማ ሃጂራ ጎንበስ ብለው አዩ። "ይሄ ወረቀት ነው።"

"ፊልሙ ከወረቀቱ ሥር ነው እማማ።"

"ግለጠዋ።"

ገለጠው። ዙሀራ አፏን በሻሿ ያዘች። ለሰው አንዲት ሲሰስት የኖረው ባሏ፣ ጥቅሉን ከዳር እስከ ዳር ለፀሐይ ዘርግቶ ጆሮው እስኪቀላ ቆሟል። ሮጣ አቅፋ ልትስመው አማራት፤ አውቶቡስ ተራ መሀል ሆነባት እንጂ።

እማማ ሃጂራ በጣታቸው ጫፍ ፊልሙን ነካ አደረጉት። ለስላሳ ነው። ፊልም አለ።

"እሺ፣ አመንኩህ" አሉ፣ ሁለተኛ እግራቸውን ደረጃው ላይ እያነሱ። "በል አሁን ቶሎ ዝጋው፤ አቧራ እንዳይገባበት።"